የሁለት ሽቦ ጣጣ

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ሃያ ነው ትላለች። "ኩፍኝ የገባ ዓመት ነው የወለድኩሽ" ትለኛለች፤ ኩፍኙ መቼ እንደ ገባ ስጠይቃት ደግሞ "አንች የተወለድሽ ጊዜ ነዋ!" ትላለች። ተከራክሬ ስላልረታኋት በልቤ አሥራ ዘጠኝ እንዳልኩ ቀረሁ።

ጣልያን ቡሬ ከገባ ሦስት ዓመት አልፎታል። እኔ ባሌን ጥዬ ከሽንዲ ወዲያ ካለ ገጠር ከመጣሁ አምስት ወር ሆኖኛል። ለምን እንደ ጣልኩት ረጅም ስለሆነ ይቅር። ያረፍኩት ታላቅ ወንድሜ ዘንድ ነው። አያ ነበር የምለው። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፣ እሱ መደቡ ላይ፣ እኔ ከምድጃው ወዲህ። እሱ ለጣልያኖች ጋራዥ ይሠራል፣ እኔ ጥጥ እፈትላለሁ፣ ምሳውን አደርሳለሁ።

አያ መካኒክ ልሁን ብሎ የተነሣ ሰው አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ፈረስ ቤት አካባቢ ቅኔ ሲማር የኖረ ዲያቆን ነው። ጦርነቱ ሲመጣ የኔታው ተሰደዱ፣ ተማሪው ተበተነ፤ እሱም ቁራሽ የሚለምንበት ደጅ ሲያጣ ቡሬ ወረደና ድንጋይ ተሸከመ። አንድ ቀን "መጻፍ የሚችል አለ?" ሲሉ እጁን አወጣ። የድንጋይ ተሸካሚዎቹን ቁጥር ይጽፋል ብለው ነበር የጠሩት፤ እየቆየ ግን ብረት በቤንዚን ማጠቡን፣ ከዚያ መፍታቱን፣ ከዚያ መግጠሙን ያዘ። መንደራችን ይኸን ሲሰማ እናቴን "ልጅሽ ባንዳ ሆነ አሉ" ብሏታል። እናቴም "ልጄ ብረት ነው የሚያጥብ" ብላ መልሳለች። ሁለቱም እውነት ነው፤ አያም ያውቀዋል።

ሥራውን ያስተማሩት ጠና ያሉ የአሥመራ ሰው ናቸው። አያ እንደ የኔታው ነበር የሚያያቸው። የነገሩትን ሁሉ በቃሉ ይይዛል፣ ቤት ሲመጣ ያዜመዋል። በዚህ ምክንያት ጋራዡን ሳላይ ሞተር የሚባለውን ነገር አወቅሁት። ሞተር ውስጥ አራት ቤት አለ። በየቤቱ ራስ ላይ ካንዴላ የሚሉት እሳት የሚተፋ ነገር ተተክሏል። እሳቱ ግን ለአራቱ ባንዴ አይሰጥም፣ በተራ ነው። ተራውም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ተብሎ አይደለም። አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት ነው። አያ ይኸን ወደ ግእዝ አዙሮ "አሐዱ፣ ሠለስቱ፣ አርባዕቱ፣ ክልኤቱ" እያለ በዜማ ይዞታል። እኔም ከመስማት ብዛት ሊጥ ሳቦካ ሳይታወቀኝ እለው ነበር።

እሳቱን የሚያካፍል አንድ ክብ ነገር አለ። ክዳኑ ላይ አራት ሽቦ ተሰክቷል፤ እያንዳንዱ ሽቦ ወደ አንድ ካንዴላ ይሄዳል። ከክዳኑ ሥር ጣት የምታህል ብረት እየዞረች ለሽቦዎቹ እሳት ታቀብላለች። የአሥመራው ሰው ሽቦ አሰካኩን ሲያስተምሩት "ተራውን ያዝ፣ ከዚያ በዙሩ ሰካ" አሉት። አያ ዙር ሲባል የሚያውቀው አንድ ነው፦ ታቦት ቤተ ክርስቲያኑን የሚዞርበት። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ፩ ፫ ፬ ፪ ብሎ ጻፈ፣ ከጎኑ በቀይ ቀለም "ዑደት" ብሎ ጨመረ። በዚያ ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ ሠራ፣ አንድም ቀን አላሳፈረውም። የአሥመራው ሰው ወደ ጎንደር ሲዛወሩ ጉልበታቸውን ስሞ ሸኛቸው።

የጋራዡ አለቃ ጣልያን ነው፣ ካፖ ነበር የምንለው። አጭር፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ቃሪያ በጥሬው የሚበላ ሰው። ካፖ አማርኛ የተማረው ልብሱን ከምታጥብለት ሴት ነው፤ እሷ ደግሞ ስታስተምረው ስለ ራሷ ነበር የምትነግረው መሰለኝ፣ ሰው ሁሉ ለሱ "አንች" ነው። ጺሙ ደረቱ የደረሰ አናጢ ነበር ጋራዡ ውስጥ፤ እሱንም "አንች መጋዝ አምጭ" ይለዋል። መጀመሪያ ሰዎቹ ይናደዱ ነበር፣ በኋላ እርስ በርሳቸው "አንች" መባባል ጀመሩ።

በታኅሣሥ ነው። አንዲት ያረጀች ካሚዮን፣ የጭነት መኪና፣ ነበረች፣ ሠራተኛው "አሮጊቷ" ይላታል። ዳገት ላይ ውኃዋ አልቆ ሞተሯ ተሰነጠቀ። በዚያው ሰሞን ደምበጫ መንገድ ላይ የተገለበጠ ሌላ ካሚዮን ጎትተው አመጡ። ዓይነቱ ሌላ ነው፣ አካሉ ተጨራምቷል፣ ሞተሩ ግን ደህና ነው። የዚያን ሞተር አውጥታችሁ ለአሮጊቷ ግጠሙ ተባለ። ሦስት ወፍራም አጣና አቁመው፣ ከላይ አስረው፣ ሰንሰለት አንጠልጥለው አሥራ ሁለት ወንድ ጎተተው። የሚይዘው ብሎን አልገጥም ብሎ አናጢውም ቀጥቃጩም ተጠሩ። እንዲህና እንዲያ ሲሉ ስምንት ቀን ፈጀ። ካፖ መሃል ላይ ንዳድ ጣለውና ተኛ። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከበሩ ላይ ሆኖ "አንች ጨርሽ! አንች ጨርሽ!" ይላል። ስለዚህ የሞተሩ ነገር አያ እጅ ላይ ወደቀ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጨረሱ። ማኖቬላውን፣ ከፊት የሚሽከረከረውን ማስነሻ ብረት ማለቴ ነው፣ ዘበኛው ያዘ። ዘበኛው ጎረምሳ አይደለም፣ የሦስት ልጆች አባት ነው፣ ጉልበቱ ግን የበሬ ነው። አዞረ። አሮጊቷ ተንቀጠቀጠች፣ ሳል እንደያዘው ሰው ሁለት ጊዜ ህእ ህእ አለች፣ በአፏ እሳት ተፋች፣ ቀጥላ በጭስ ማውጫዋ በኩል ጓ! አደረገች። እኔ ገበያ ነበርኩ፤ ጥይት ነው ብዬ በርበሬ ከረጢት ሥር ተደፋሁ። ምሽጉ ላይ ያሉት አስካሪዎችም፣ የጣልያን ጥቁር ወታደሮች፣ ጥይት መስሏቸው ወደ ገበያው ተኮሱ። ሰው አልነኩም፣ እግዜር ይመስገን፤ አንዲት አሞሌ የጫነች አህያ ግን በርግጋ ጨውን ወንዝ ውስጥ ከተተችው።

በዚያ ቢቀር በሳቅ ባለፈ ነበር። ግን የካራቢኔሪ፣ የጣልያን ፖሊስ፣ መኮንን ከነአስተርጓሚው ጋራዥ ገባ። "ይኸ ለሽፍታ ምልክት ነው" አለ። ሽፍታ የሚለው አርበኛውን ነው። ደግሞም የአክስታችን ልጅ ጫካ መግባቱን አንድ ሰው ነግሮታል። አያን አቁሞ፣ "ሞተሩን ሆን ብለህ ነው ያበላሸኸው" አለው። አያ "አልሠራ አለ እንጂ አላበላሸሁትም" አለ። መኮንኑ ለካፖ በቋንቋቸው ብዙ ነገር ተናገረ። ካፖ ፊቱ ወረቀት መሰለ። ከዚያ ወደ አያ ዞሮ፣ በንዳድ እየተንቀጠቀጠ፦

"ማክሰኞ ጧት ካሚዮን ወጀት ሂጅ። ካሚዮን ካልሄድሽ፣ አንች…" አለና ቃሉ ጠፋው። አንገቱን በእጁ ያዘ።

ወጀት ማለት ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላት ናት። አንገት መያዙ ደግሞ ለጨዋታ አልነበረም። በዚያው መኸር የስልክ ሽቦ ቆረጠ የተባለ ሰው ገበያው ዳር ተሰቅሎ ሦስት ቀን ውሏል። በዚያ በኩል ሳልፍ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የማልፈው፤ አንድ ቀን ጨፍኜ ስሄድ ጉድጓድ ገብቼ እግሬ ወለም ብሎኛል።

እሑድ ጋራዥ ዝግ ነው። አያ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ውጭ ቆሞ አስቀድሶ መጣ።

"እንሽሽ" አልኩት።

"እናታችንስ?"

የእናቴ አገር መዝገባቸው ላይ አለ፤ ሲቀጥሩት ራሱ በእጁ ነው የጻፈው። የሸሸ ሠራተኛ ቤት ምን እንደሚሆን ሁላችን አይተናል። ስለዚህ የመሸሹን ነገር ተውኩት። እሱ ግን ደብተሩን አውጥቶ "አሐዱ፣ ሠለስቱ…" ማለት ጀመረ። እንደ ወትሮው በዜማ አይደለም፤ ሰው የጠፋ ዕቃውን ሲቆጥር እንደሚለው ነው።

ሰኞ ምሳውን ይዤ ሄድኩ። የገና ጾም ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አይበላም። የዳጉሳ እንጀራና የባቄላ ክክ ነው የያዝኩት። በሩ ላይ ዘበኛው፦

"ነይ ግቢ፣ የመካኒክ እህት! አሮጊቷ ዛሬም ስታስነጥስ ነው የዋለች። ይማርሽ በያት!"

"አንተን ይማርህ! ምነው ጉልበትህ አለቀ?"

"ጉልበቴማ አለቀ። ከጧት ጀምሬ ሳዞር ይኸው እጄ። እንዲህ አድርጌ ወፍጮ ባዞር የቡሬን እህል ሁሉ እፈጭ ነበር።"

ሲስቅ ግን ዓይኑ አልሳቀም። እሱም ነገ ምን እንደሚመጣ ያውቃል።

አያ ከአሮጊቷ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ክርኑ ድረስ ጥቁር ዘይት ነው። ምግቡን ዘርግቼ "ብላ" አልኩት። አንድ ጊዜ ጎረሰና እጁን አንጠልጥሎ ቀረ። ምን ምን እንዳደረገ ይነግረኝ ጀመር፤ ለኔ ሳይሆን ለራሱ ነው የሚነግረው።

"ቤንዚኑ ይደርሳል፣ አፌን አድርጌ ስቤዋለሁ። ካንዴላዎቹን አራቱንም ነቅዬ በአመድ አሸሁ። አንድ በአንድ ከብረቱ አስጠግቼ አየሁ፣ እሳቱ ሰማያዊ ነው፣ እንዲያውም እጄን መታኝ። እሳቱን የምትቆርጠዋን ትንሽ ብረት በክብሪት ቀፎ ጎን ፈገፈግኋት። አንደኛው ቤት ውስጥ ሸምበቆ ከትቼ፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ጣቷን አንደኛው ሽቦ ላይ አቆምኋት። ሽቦዎቹ በተራቸው ናቸው። ካፖም ጧት መጥቶ 'ተራ?' አለኝ፣ 'አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት' አልኩት፣ 'አዎ፣ ልክ ነሽ' አለኝ። እሳቱ አለ። ቤንዚኑ አለ። ታዲያ ምን ጎደለ?"

መሶቡን እስኪያስረክበኝ ጥላው ሥር ተቀመጥኩና እንዝርቴን አወጣሁ። እጄ ሥራ ሲፈታ ሐሳቤ ወደ ገበያው ዳር እየሄደ አስቸገረኝ።

እዚህ ላይ ስለ እጄ መናገር አለብኝ። ግራኝ ነኝ። እናቴ ልታስተወኝ ግራ እጄን በመቀነት ሁሉ አስራዋለች፣ አልተውኩም። እንጀራ በቀኝ እበላለሁ፣ የቀረውን ሁሉ በግራ ነው። ሌላው ሴት እንዝርቷን በቀኝ እጇ ቀኝ ጭኗ ላይ ታሽከረክራለች። እኔ በግራ እጄ ግራ ጭኔ ላይ ነው። ስለዚህ እንዝርቴ የሚዞረው ሰው በሚያዞርበት ተቃራኒ ነው፣ ፈትሌም የሚከረረው እንደዚያው ነው። በዚያው ሳምንት ሸማኔው ፈትሌን መልሶብኛል። ከሌላ ሴት ፈትል ጋር ደርቦ ሊያከርረው ሲሞክር የሷ ሲጠብቅ የኔ ይፈታል፣ የኔ ሲጠብቅ የሷ ይፈታል። "ወይ ይኸን እጅሽን አስተካክይ፣ ወይ ለብቻሽ ሸማኔ ፈልጊ!" ብሎ ነው ከረጢቱን የወረወረልኝ።

አያ እንዝርቴን ሲያይ ቆየና፣ በዚያ ሁሉ ጭንቁ መሃል፣ ፈገግ አለ።

"አሁንም ወደዚያ ነው የምታዞሪው? ሸማኔውን አሳብደሽ ልትገድይው ነው።"

ተናደድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳላለቅስ የያዝኩት ሁሉ በዚያ ቃል ወጣ።

"የኔን ተወኝ! የኔ እንኳን ወዴት እንደሚዞር አውቀዋለሁ። ያንተይቱ አሮጊት ወዴት እንደምትዞር አይተሃል?"

"ወዴት ትዞራለች ደግሞ! በዑደት ነዋ።"

"አይተሃል ወይ ነው ያልኩህ።"

"ምኑን አየዋለሁ? ዙር ዙር ነው። ታቦት ወደ ኋላ ሲዞር አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"እሷ ታቦት ናት እንዴ?"

ይኸን ያልኩት ለማስቀየም እንጂ አውቄ አይደለም። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ስለ ሞተር የማውቀው እሱ ሲያዜም የሰማሁትን ነው። አያ ግን ሁለተኛውን ጉርሻ ይዞ ቀረ። እንጀራውን ቀስ ብሎ መሶቡ ላይ መለሰው። ተነሣ። ክዳኑን ፈታና ከነአራት ሽቦው ወደ ጎን አደረገው። ጣቷ ብቻዋን ቀረች።

"ና እስቲ" አለው ዘበኛውን። "ቀስ ብለህ አዙርልኝ። ቀስ። እንደ ሽማግሌ።"

ዘበኛው አዞረ። ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን አየን። ጣቷ ፈቅ፣ ፈቅ አለች፤ ታቦት በሚዞርበት ሳይሆን ወደዚያኛው። በእንዝርቴ በኩል።

አያ "ደግመህ" አለ። ዘበኛው ደገመ። ያው ነው። አያ በዘይታም እጁ አማተበ፣ ግንባሩ ላይ ጥቁር መስቀል ወጣበት፤ ከዚያ ሳቅ ጀመረው።

"ግራኝ ናት!" አለ። "አንተ፣ አሮጊቷ ግራኝ ናት!"

"ማን?" አለ ዘበኛው።

"ሞተሯ! ከሌላ ቤት የመጣች፣ ሌላ አመል ያላት! እኔ በቀኝ ልድራት ስታገል!"

ከዚያ የሠራው ሥራ አራት ጊዜ አማትበው እስኪጨርሱ አይፈጅም። ከአራቱ ሽቦ ሁለቱን አልነካቸውም። የሦስተኛውንና የሁለተኛውን ቤት ሽቦ ብቻ ነቅሎ፣ የዚህን እዚያ፣ የዚያን እዚህ ሰካ። እንዴት ሁለት ብቻ ይበቃል ብዬ ስጠይቀው ከክኩ ላይ አራት ፍሬ አንሥቶ ክብ አድርጎ ደረደረልኝ። "ይቺ አንድ፣ ይቺ ሦስት፣ ይቺ አራት፣ ይቺ ሁለት። አሁን ከአንድ ተነሽና ወደ ኋላ ቁጠሪ።" ቆጠርኩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ሦስት። አንድና አራት ቦታቸው ያው ነው፤ የተቀያየሩት ሦስትና ሁለት ናቸው። "ለዚህ ነው ሁለት ጊዜ ህእ ህእ የምትል የነበረ" አለ። "ሁለቱ ቤት እሳቱን በሰዓቱ ያገኛል። ለሁለቱ ግን ሳይጠሩት ነው የሚደርስ፣ ያን ጊዜ ትተፋዋለች።"

ክዳኑን ዘጋ። ዘበኛው መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ ማኖቬላውን ያዘ። እኔ መሶቤን አቅፌ ግድግዳው ሥር ተለጠፍኩ። አንድ ጊዜ አዞረ፣ ዝም። ሁለተኛ አዞረ፤ አሮጊቷ አንዴ ተንፈራገጠችና ያዘች። ሳል የለ፣ ማስነጠስ የለ፤ ዱ ዱ ዱ ዱ እያለች መሬቱን ታንቀጠቅጠው ጀመር። የክኩ ፍሬዎች ከድንጋዩ ላይ እየዘለሉ ወደቁ። አያ እጁን ሞተሩ ላይ ጭኖ ቆመ፣ ትኩስ ነው ሳይል፤ የወለደች ላም እንደሚያይ ሰው።

ካፖ በብርድ ልብሱ እንደተጠቀለለ ወጣ። አዳመጠ። አያን በሁለት እጁ ትከሻውን ይዞ ነቀነቀው።

"አንች ጎበዝ ነሽ! አንች በጣም ጎበዝ ነሽ!"

አያ ወደኔ አመለከተው። "እህቴ ናት ያገኘችው" አለ። ካፖ ወደኔ ዞሮ "አንች ጎበዝ ነሽ!" አለኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክል ተናገረ። ዘበኛው ሳቁን መያዝ አቅቶት ከበሩ ውጭ ወጣ።

ያን ያህል ነው ደስታችን። ማክሰኞ ጧት አሮጊቷ ወጀት ሄደች። ምን ጭና እንደ ሄደች አይቻለሁ፤ ዱቄትና ረጃጅም ሣጥን ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ለነማን እንደሆነ ለኔ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። መንገድ ላይ ብትቆም የሚያስነሣት ያስፈልጋል ብለው አያንም ከላይ ሣጥኑ ላይ ጫኑት። ምንጭ ወርጄ ውኃ ስቀዳ አንዲት ሴት እንስራዋን እየሞላች፣ ወደኔ ሳታይ፣ "የጣልያን መኪና ተነሣለት አሉ፤ የሠራው እጅ ይባረክ መቸም" አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ያን ጊዜ የታየኝ የወንድሜ አንገት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ያየሁት እሱ ከዳነ በኋላ ነው።

አያ ሐሙስ ተመለሰ። እግሩን ሳጥበው "ሣጥኖቹን በእጄ ነው ያወረድኳቸው" አለኝ። ደብተሩን አውጥቶ "ዑደት" የምትለዋን ቃል በቢላዋ ጫፍ ፋቀ። በቦታዋ "አይተህ" ብሎ ጻፈ። በቀይ ሳይሆን በጥቁር ነው፣ ቀዩ አልቆ ነበር።

ከዚያ በዓመቱ ካፖ ንዳዱ ስለጠናበት ወደ ጎንደር ወሰዱት። በቦታው ወጣት ሹም መጣ፤ ሥራውን ገና አላወቀም፣ ሁሉን የሚጠይቀው አያን ነው። የካቲት ሊያልቅ ሲል ጣልያን ቡሬን ሊለቅ መሆኑ ተሰማ። ንጉሡ ከእንግሊዞች ጋር በሱዳን በኩል ገብተዋል፣ አርበኛው ከየጫካው እየወጣ ነው። ካሚዮኖቹ ሁሉ ለነገ ጧት እንዲዘጋጁ ለአያ ትእዛዝ ደረሰው። ስድስት ነበሩ፣ አሮጊቷን ጨምሮ።

አያ ያን ቀን ሲሠራ ዋለ። የስድስቱንም ካንዴላ ነቅሎ አሸ፣ ውኃቸውን ሞላ፣ ዘይታቸውን አየ፣ መስታወታቸውን ሳይቀር ወለወለ። ከዚያ አንድ በአንድ ክዳናቸውን ከፍቶ የሁለቱን ሽቦ ቦታ አለዋወጠ። የአምስቱን ከታቦቱ ዙር ወደ ኋላ፣ የአሮጊቷን ደግሞ መጀመሪያ እንደገጠማት ወደ ታቦቱ ዙር። ክዳኖቹን ገጥሞ፣ የጣቱን አሻራ በጨርቅ ጠርጎ ወጣ።

በሩ ላይ ያው ዘበኛው ነው።

"ተዘጋጁ?" አለው።

"ተራቸው ደርሷል" አለ አያ።

ተራ ሲባል የሽቦውም ነው፣ የሰውም ነው። ዘበኛው አየው አየውና በሩን ከፈተለት። አያ ቤት መጣ፣ የቀረበለትን ቁሞ በላ፣ ደብተሩን ያዘ፣ እኔም እንዝርቴንና ጥጤን ያዝኩ። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ እናታችን አገር መንገድ ጀመርን። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ጋራ ላይ ሆነን፣ ከቡሬ በኩል ጓ! ጓ! ሲል ሰማን። "ተኩስ ነው?" አልኩት። "አይ፣ ሲያስነጥሱ ነው" አለ። በኋላ ዘበኛው እንደነገረን እስከ እኩለ ቀን ታግለዋል፤ ሁለቱን ገደል ሰደዱ፣ የቀሩትን ትተው፣ የቻለው በወታደሩ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ፣ ያልቻለው በእግሩ ሄደ።

ክረምት ሊገባ ሲል ወንድሜ እናታችንን ይዞ ወደ ቡሬ ተመለሰ። አሮጊቷ እንደቆመች ነበረች፣ ጎማዋ ሥር ሣር በቅሏል፣ ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቅፋለች። ዶሮዋን ከነእንቁላሏ በጥንቃቄ አወረደ። ከእንግሊዞቹ ባትሪ ለምኖ ገጠመ። ክዳኑን ከፈተ፣ ዘበኛው ማኖቬላውን ቀስ ብሎ ሲያዞር ጣቷ ወዴት እንደምትሄድ አየ፣ ሁለቱን ሽቦ አለዋወጠ። ከዚያ እናታችንን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ከኋላ በርበሬ ጭኖ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ገበያ ነዳ።